ሙሽራ የሚያወፍረው ኪኒን

ለተከበሩ የመድኃኒት ቁጥጥር ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዳሌዎ ደኅና ነው? እኔ ጦይባ ሰይድ፣ ሞጣ ላይ ጨርቅ የምሸጠው፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው ልጄ ሀሲና ናት። ስምዎን በአደባባይ መጥራት ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ፤ እርስዎ ግን ራስዎን አያጡትም።

ሀሲና ልትዳር ቀን ሲቆረጥላት፣ ሙሽራ ጉንጯ ይሙላ ብለው ጓደኞቿ ከቢቸና ገበያ ዳር፣ ከአንዲት ሱቅ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የማወፈሪያ ኪኒን ገዙላት። እውነትም ወፈረች። ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ አለ፤ አማቾቿም እልል አሉ። ከሠርጉ በኋላ ውፍረቱ እንዳይጠፋባት መዋጡን ቀጠለች። ከዚያ ብሽሽቷን ያማት ጀመር፤ ማነከስ መጣ፤ ለሶላት ሱጁድ መውረድም አቃታት። ባሕር ዳር ያሉት ሐኪም ራጅ አንስተው፣ ኪኒኑ በልኩ ሲታዘዝ ሰው የሚያድን፣ እንዲህ ከልክ በላይ ሲዋጥ ግን አጥንትን ደም የሚያሳጣ መሆኑን፣ የሀሲናም የጭን አጥንት ራስ ዳሌዋ ውስጥ መሞቱን ነገሩን። የሞተ አጥንት ደግሞ ይፈርሳል። ይኸው በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እስኪገባላት ወረፋ ትጠብቃለች።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ላመስግን፦

፩. ቢሮዎ መጥቼ ስነግርዎ ስላልተቆጡኝ። ሱቋ ሳሙናና ብስኩት ስለምትሸጥ፣ እርስዎ ደግሞ የሚቆጣጠሩት መድኃኒት ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳዩ እንደማይመለከትዎ በትዕግሥት አስረዱኝ። ወይ ጉድ! ኪኒን ከሳሙና ጎን ሲደረደር ሳሙና እንደሚሆን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

፪. በጽሑፍ ካላመለከትሽ ብለው ስለሸኙኝ። ይኸው ጽፌያለሁ፤ እንዳይጠፋብዎም አገር ሁሉ እንዲያነበው አደርጋለሁ።

፫. ልጅቷ ለመልኳ ስትል በራሷ ያመጣችው ጣጣ ነው ስላሉኝ። ለዚህ እንኳ አላመሰግንዎትም። አንጀቴን አሳረሩት፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ አልቋል።

ክቡር ሆይ፣ ጥር ደርሷል፤ ሠርግ በሠርግ ላይ ሊሆን ነው። ሱቋም ክፍት ናት፤ የስንቱ ሰው ልጅ እየገዛች እንደሆነ አላህ ይወቀው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ኪኒን አሁኑኑ ከመደርደሪያው ያስነሱልን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቢመጡማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ወንበርዎ ይመችዎ፣ የቢሮዎን ደረጃ ሁልጊዜ ሳያነክሱ የሚወጡት ያድርግልዎ እያልኩ፣ ዝም ማለት ያልሆነላት አክባሪዎ፣

ጦይባ ሰይድ
ከሞጣ

ይህንንም ይጨምሩልኝ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልልከው፣ ልጅዎ ለሠርጓ ጨርቅ ልትመርጥ ከሚዜዎቿ ጋር ሱቄ መጣች። እንኳን ደስ ያለዎት! አምና ያሰፋችው ቀሚስ ዘንድሮ እንደማይገባት፣ ኪኒኑንም ከየት እንደገዙላት ሚዜዎቿ እየሳቁ ነገሩኝ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከወንበሩ ስትነሳ ግን ብሽሽቷን ይዛ ቆመች። ቀልዴን ትቻለሁ። ኪኒኑን በድንገት ማቆምም አደጋ አለው ብለው የባሕር ዳሩ ሐኪም ነግረውናልና፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ጨርቋን አስቀምጬላታለሁ፤ እርስዎ ብቻ ቶሎ ይድረሱላት።