የግራ እጅ ማርሽ

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፱

ዛሬም ሦስተኛው ማርሽ አልገባም። አንዴ ገበያው ጥግ፣ አንዴ ደግሞ ጦር ሰፈሩ በር ላይ፣ ዘበኛው ሰላምታ እየሰጠኝ። ከሁለተኛ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳብ አድርጌ ወደ ላይ መግፋት ነው ያለብኝ። ሳብ ማድረጉ ይቀራል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ አንደኛ ውስጥ ይሰነቀራል። ካምቢዮው አጥንት እንደሚቆረጥም ውሻ ይንኮሻኮሻል፤ መኪናዋ ከኋላ ሰው እንደያዛት ቀጥ ትላለች።

ዘበኛው አልሳቀም። እንዳልሳቀ አየሁት።

አረንጓዴ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የስፖርት መኪና። አምና ሞያሌ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ አዳኝ ገዛኋት። የእንግሊዝ ስለሆነች መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ ማርሹን የምለውጠው በግራ እጄ ነው። ባለቤቴ ጽጌ በግራዬ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን «የሹፌር ቦታ ሰጥተኸኝ መሪውን ነሳኸኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮሎኔሉ አስጠራኝ። እሑድ ልጁን ይድራል። «ሙሽራዋን በዚያች በቆንጆዋ መኪናህ ትወስድልናለህ። እንደ ምልምል በጂፕ ትጫን እንዴ?» አለኝ።

«እሺ ጌታዬ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወጥቼ ጥላ ፈለግሁ፤ ሌላ የፈለግሁት ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ጥር ፳

ጋራዥ። መካኒኩ ጉዮ ገና ሳልወርድ ጀመረኝ። «አካም ሻምበሌ፣ ናጋ? ዛሬ ደግሞ ምን ሰበሩልን?»

ረፋዱን ሙሉ ከሥር ተኝቶ ካምቢዮውን ፈታ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሰ። ዘይቱን አሸተተ። «ያ ዋቅ! ይሄ ካምቢዮ እኮ ከእኔ ጥርስ ይሻላል» አለ።

ገጥሞ ሲጨርስ እሱ ነዳት፤ እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ። እስከ ከተማው መውጫ ድረስ እያፏጨ ነዳ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ተመልሶ ሦስተኛ። አንዱንም አልሳተም። እንዲስት ፈልጌ ነበር።

«አዩ? እኔን ምንም አላለችኝም። የጠላችው እርስዎን ነው።»

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በጂፑ ግን ማርሽ ስቼ አላውቅም። ጂፑ የአሜሪካ ነው፤ ማርሹ በቀኝ እጅ።



ሐሙስ፣ ጥር ፳፩

ግራ እጄ ምን እንደሚሠራ ሳስብ ዋልኩ።

የምበላው በቀኝ። የምጨብጠው በቀኝ። የምፈርመው፣ ሰላምታ የምሰጠው፣ ጽጌን የማጎርሳት በቀኝ። ትልቅ ሰው ስጨብጥ ግራው የቀኙን ክርን ይደግፋል፤ ማዕረጉ እንግዲህ ይኸው ነው። መጸዳጃ ቤት ያለውን ሥራውን አልጽፍም። ግራ እጅ ቢሞት መርዶ ነጋሪ የለውም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቀኝ እጅጌዬ ቁልፍ። እሱን መቆለፍ የግራ እጅ ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት ጽጌ ናት የቆለፈችልኝ። ትናንትም እሷ ናት። ከመቼ ጀምሮ? «አሞላቀቅኩህ» ትላለች እየቆለፈች። ፍቅር መስሏታል። ፍቅርም ሊሆን ይችላል።

ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ትንሽ ጎበጥ ብለዋል። ሳቃናቸው ይቃናሉ፤ ስተዋቸው ይመለሳሉ። ብርድ መቶኝ ይሆናል። በነገሌ ፀሐይ፣ ብርድ።

ዓርብ፣ ጥር ፳፪

ጽጌ ለሠርጉ የምትለብሰውን ነጠላ ልትገዛ ሱቅ ገባች። እኔ ፀሐይ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ እጄን ማርሹ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት። የማርሹ ራስ የብረት እንክብል ነው። ስትመጣ ዕቃዋን ልቀበላት እጄን አነሳሁ። እሷ ስትገባ እንዳትወድቅ እሱኑ ያዘች።

«ወይኔ!» እጇን መነጨቀች። «ይሄ እኮ እሳት ነው! አንተ እንዴት ይዘኸው ቆየህ?»

«ወታደር ነኛ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። እጄን ገልብጣ አየች። ከትንሿ ጣት ሥር መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። እኔም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ያምሃል?»

«ትንሽ።»

አላመመኝም።

ልጅ ሆኜ በመንደራችን ጣቶቹ ያለቁ አንድ ሰው ነበር። ጎጆው ከእርሻው ማዶ፣ ለብቻው። የሚጠጣባት ዋንጫ ጽድ ላይ ተሰቅላ ትውላለች፤ ሌላ ሰው አይነካትም። ክረምት ክረምት ደጁ ላይ እሳት ይሞቃል። እኛ ልጆች ከሩቅ ቆመን እናየዋለን። አንድ ቀን ቆዳ ሸተተን። «አባባ፣ እግርዎ እየተቃጠለ ነው!» ብለን የጮህነው እኛ ነን። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየው፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

የበሽታውን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፫

ሌላ ሰው ይንዳ ልል ኮሎኔሉ ቢሮ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን? ይለኛል። ከዚያ እጄን ማሳየት። ከዚያ ሐኪም፣ ከዚያ ቦርድ፣ ከዚያ ስንብት። የመንግሥትን ቤት መልቀቅ። ከዚያ ጽጌ። ሐሳቤ ጽጌ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ጉዮ መኪናዋን አጥቦ ሪባን አሰረላት። «እኔ ራሴ ሳልድራት አልቀርም» አለ።

መላው ቀላል ነው። ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም። በሁለተኛ ብቻ። ሙሽራ ቀስ ብላ ብትሄድ ማን ይጠይቃል?

እሑድ፣ ጥር ፳፬

በሁለተኛ ጀመርኩ። በሁለተኛ የኮሎኔሉን ቤት በር ወጣን፣ በሁለተኛ ገበያውን አለፍን። ሙሽራዋ ማርታ አበባዋን እንደታቀፈች ወደ እኔ ዞረች። «ሻምበል፣ እንዲህ ከሄድን አርጅቼ ነው የምደርሰው።»

ከኋላ ጂፖቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁት። ቤተ ክርስቲያኑ ታየ፤ ሕዝቡ መንገዱን ይዞ ቆሟል። እጄ በልማዱ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም።

አንደኛ ገባ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። የማርታ አክሊል ከመስተዋቱ ጋር ተጋጭቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ አንዲት ሴት ከዘፋኞቹ መሃል «መኪናዋ ሙሽራችንን አልሰጥም አለች!» ብላ ጮኸች። እልልታው ቀለጠ። ማርታም ሳቀች፤ ደግ ልጅ ናት። ሳቃቸው ከውሃ ውስጥ ሆኜ የምሰማው ይመስል ነበር።

ኮሎኔሉ ከጂፑ ወርዶ መጣ። ፈገግታው ለሕዝቡ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ሻምበል፣ ጠጥተሃል?» አለኝ።

ጠጥቼ አላውቅም። ያውቃል።

«አዎን ጌታዬ» አልኩ።

እጄን ከማሳየት ይኼኛው ይሻል ነበር።

«ነገ ቢሮዬ።»

ወሬው ከምሳው በፊት ጽጌ ዘንድ ደርሷል። እቤት ስንገባ ነው ያነሳችው።

«ሰክሮ ነው ይላሉ አንተን።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ውሃ ስትጠጣ አይደል እንዴ ያደርከው! ለምን አልክ?»

አጠገቤ ተቀመጠች። «ዓይንህን ጨፍን። የቱን ጣትህን እንደያዝኩ ንገረኝ።»

ጨፈንኩ። ጠበቅሁ።

«ያዢያ» አልኳት።

ዓይኔን ስገልጥ ትንሿን ጣቴን በሙሉ እጇ ጨብጣ ይዛለች።

አላለቀሰችም። ተነስታ ወጡን አሞቀች። ሰሃን ትለይ እንደሆነ እጆቿን ሳይ ነበር። ያመጣችው አንድ ትሪ ነው። እኔ ዳር ዳሩን በላሁ።

«ምን ሆነሃል? ወጡ ያለው መሃሉ ላይ ነው» አለች።

ሰኞ፣ ጥር ፳፭

ኮሎኔሉ ተቆጣ፤ ሳይቀመጥ፣ ሳያስቀምጠኝ። ስለ ልጁ ሠርግ ሲል እንደማይቀጣኝ ነገረኝ። የሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁት። «ሂድ፣ ይውጣልህ» ብሎ ፈረመ። ስካሩን ማለቱ ነው።

ከዚያ ወደ ክሊኒክ፣ የጦር ሰፈሩ ሳይሆን የከተማው። ጽጌ አብራኝ ገባች። ድሬሰሩ ሽማግሌ ነው። በጥጥ ነካኝ፣ በመርፌ ወጋኝ፤ «አሁንስ? አሁንስ?» አለ። ከዚያ ክርኔ ውስጥ ያለችውን ጅማት በአውራ ጣቱ እየተከተለ ተጫናት።

«ነርቩ ወፍሯል።»

«ከምን?» አለች ጽጌ።

«ከብዙ ነገር ይሆናል። ከመመታት ይሆናል። ያም ይሆናል።» እሱም ስሙን አልጠራውም። «እዚህ አይለይም። ወደ ሰሜን ሂዱ፤ ትልቁ ሆስፒታል ይለዩታል። ያም ቢሆን፣ እሜቴ፣ ዛሬ ክኒን አለው። እንደ ድሮው ሰው ከቤቱ አይባረርም።»

በሽታው ይጋባ እንደሆነ እንድትጠይቅ ጠበቅሁ። ነጠላዋን አጣፋች። «ነገ በጠዋት እንወጣለን» አለች።

«በአውቶቡስ?»

«መኪና እያለን?»

«እጄስ?»

«የእኔ ቀኝ እጅ ምን ሆነ?»

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፮

አዶላ፣ ሻይ ቤት።

ስንወጣ ጉዮ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር። የጽጌን እጅ ማርሹ ላይ ሲያይ «ሻምበሌ፣ ረዳት ቀጠሩ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ረዳቱ ግን ማንኛችሁ ናችሁ?» ጽጌ «እሱ ነው!» ብላ ጮኸችለት። ከኋላችን ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።

ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፤ «አሁን» እላለሁ፤ እሷ ትለውጣለች። መጀመሪያ አካባቢ የሳተቻቸው እኔ ከሳትኳቸው ሁሉ የባሱ ነበሩ። ካምቢዮው አለቀሰ። «ግባ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!» ትለዋለች ዘንጉን። ከብት የሚነዱ ሰዎች ከመንገድ ወጥተው ቆመው አዩን። ቆይቶ «አሁን» ማለቱን ተውኩት። ሞተሩን ራሷ ትሰማለች።

ከተማው ሊደርስ ሲል አንድ ዳገት ነበር። እጄ እንደ እሑዱ ቀድሞ ሄደና ማርሹ ላይ አረፈ። ላነሳው ስል እጇን እላዩ ላይ አደረገች። ወደ እኔ ሳበችው፤ ወደ ላይ። ገባ።

እጇ ሲያርፍብኝ አልተሰማኝም። ያየሁት ዝቅ ብዬ ነው። ጣቶቿ የእኔን ሸፍነው ነበር፤ አቧራ ለብሰው፣ ቀለበቷ ላይ ጥቁር የዘይት ነጥብ። ዳገቱን እስክንጨርስ አላነሳችውም።

ሆስፒታሉ ምን እንደሚል አላውቅም። ፈራሁ እንዳልል ፍርሃቱም ገና አልደረሰኝም፤ ከኋላ የቀረ ጓዝ ይመስል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ዳገት ነው ይላሉ።

ጽጌ ሻይዋን ጨርሳ ወጥታለች፤ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች። የቀኝ እጅጌዬ ቁልፍ ተፈትቷል። ሄጄ ክንዴን እዘረጋላታለሁ።