ሐጂ ሳይነቁ የፈረሙት ኢሜይል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

ዛሬ ጠዋት ከአለቃዬ ከሐጂ ኢሜይል መጣልኝ፤ መጋዘን ያለውን ቆዳ በሙሉ ለሚመጣው መኪና አስጭኚ ይላል። አረንጓዴ ምልክት አለበት። ስነካው «ፊርማው ትክክለኛ ነው፣ መልእክቱ አልተለወጠም» አለኝ። አስጫንኩ። መኪናው በደጋን በኩል ወጣ።

መጫኑን ልነግራቸው ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ደሴ ያለችው ልጃቸው ዘሃራ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ ከእሑድ ጀምሮ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ተኝተዋል» አለችኝ። «ወላሂ፣ ዓይናቸውንም አልገለጡ። ከቤተሰብ በቀር ለሰው አላወራንም።»

ኢሜይሉን መልሼ ከፈትኩት። አሁንም አረንጓዴ ነው። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ በሐጂ ፊርማ መፈረሙን እንጂ የማን እጅ እንደፈረመው አያውቅም። ኢሜይል የሚፈረምበት ፊርማቸው ያለው ደሴ፣ ሱቃቸው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የሚከፍተውን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፌ ከማኅተሙ ጋር እዚያው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። «እኔ በሌለሁ ሥራ አይቁም» ብለውኝ ነበር። ማኅተም ድሮም እንደዚያ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ደንቆሮዋ ፊርማውንም ማኅተም አደረግሁት። መሳቢያውን ሱቁ የሚውል ሁሉ ይከፍተዋል።

ይህን እየጻፍኩ ሁለተኛ ኢሜይል ገባ። ከሐጂ ነው። አረንጓዴ ነው። አንድ መስመር ብቻ አለው፦

«ልጄ ጋ ለምን ደወልሽ?»