ከሷሊህ ጎን

ፈትሂያ፣

የሰፈራው መኪና ቀድሞ መጣ። ከወረኢሉ እስክትመለሺ ልጠብቅሽ አልቻልኩም።

ማሰሮው ውስጥ ሁለት እፍኝ ባቄላ አለ፤ ለእንግዳ ብለሽ እንዳታስቀምጪው። ጋቢዬንም ትቼልሻለሁ። የምንሄድበት ወለጋ ቆላ ነው አሉ።

የእርዳታ እህል ፍለጋ አቀስታ ሄጄ ሳለ ልጄ ገበየሁ ሲሞት፣ ከእስላሞቹ መቃብር፣ ከልጅሽ ከሷሊህ ጎን ቀበርሽው። ለምን ቤተ ክርስቲያን አልወሰድሽውም ብዬ አርባ ቀን ሙሉ አኮረፍኩሽ። ሰው ሁሉ በራሱ ሬሳ ተይዞ፣ ጉድጓዱን ብቻሽን እንደቆፈርሽለት የሰማሁት ትናንት ነው። አንቺም አልነገርሽኝ።

ጁምዓ ሷሊህን ልትጠይቂ ስትሄጂ ለገበየሁም ዱዓ አድርጊለት። ከሷሊህ ጋር ሲጫወት «አሚን» ማለት ለምዶ ነበር። እየተቆጣሁ ያስተውኩት እኔ ነኝ።

አሁን ይበል።

እንቁ