ከተዘጋው ክፍል ያባረርኳት ልጅ

ይድረስ ለወዳጄ ለቢረሳው፤

እንቅርት ነው ያልነው ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ልጄ ከምትሠራበት ዓረብ አገር፣ ሐምራ ከሚባለው ሰፈር አቅራቢያ፣ ሆስፒታል ውስጥ ጨረር ያለበት ፈሳሽ አጠጥተው ብቻዬን ዘጉብኝ። ዶክተሩ በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ «በአዲሱ ጥናት ጨረሩ ነቀርሳውን ከውስጥ ፈልጎ ያቃጥላል» አለኝ። ወደ አልጋዬ ግን አይጠጋም።

እኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይተውም። ለዚህም ነው የጽዳት ሠራተኛዋ ወርቅዬ የአገሯ ሰው መሆኔን ስትሰማ ወንበር ስባ አጠገቤ የተቀመጠችው። «አባባ፣ ጠያቂ የለዎትም?» አለችኝ። «ውጪልኝ ከዚህ» ብዬ ጮህኩባት። ላስረዳት ብል ያንኑ ያህል ከሰውነቴ ለሚወጣው ጨረር ተጋልጣ ትቆይ ነበር። እያለቀሰች ወጣች።

ትናንት ከክፍሉ ስለቀቅ ፈልጌ አግኝቻት ምክንያቱን ነገርኳት። ቅያሜዋን ትታ፣ «ያኒ፣ ማለቴ፣ ከእርስዎ በፊት የተኙትስ? አንሶላቸውን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ማንም ምንም አላለኝም» አለች። አለቃዋ «ያላ፣ ቶሎ በይ» ብሎ ሲጠራት፣ መወልወያዋን ይዛ እኔ ወደ ወጣሁበት ክፍል ገባች።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኔስ እድናለሁ ተብያለሁ።

ደምሴ