አምስቱም ዳንሶች ሳይነጣጠሉ

እስቲ አረፍ በሉ፣ ወገኖቼ። ከኋላ የቆማችሁም ወንበር አለ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። የዛሬው ባለታሪካችን ሰው ቆሞ ሲሰማ አይወዱም ነበር።

“ተቀመጡ” በሚል ቅጽል ስም የምናውቃቸው የሙዚቃ ደራሲ፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። የልጅነት መጫወቻቸው የአባታቸው የስፌት መኪና ነበር። ታላቅ እህታቸው ፔዳሉን ስትረግጥ እሳቸው ከሥር ተኝተው ወለሉን በጣታቸው ይመቱ ነበር፤ ከምቱ ስትወጣባቸውም “ድገሚ” ይሏት ነበር፣ በአራት ዓመታቸው።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊን ተማሩ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው በከተማው ኦርኬስትራ ተቀጥረው በመጨረሻው ረድፍ ሠላሳ አምስት ዓመት ተጫወቱ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከሒሳብ መምህርቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በአርባ ዓመታቸው ትልቁን ሥራቸውን ጀመሩ። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት፣ ባሮክ በሚባለው የሙዚቃ ዘመን ከነበሩት ዳንሶች ተነሥተው፣ አምስት ዳንሶችን በራሳቸው ዜማ፣ ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ደረሱ፦ ረጋ ያለው አለማንድ፣ የሚሮጠው ኩራንት፣ ቀስ ያለው ሳራባንድ፣ ተጫዋቹ ጋቮት፣ እየዘለለ የሚጨርሰው ጊግ። የጻፉት ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ስለነበር፣ ጋቮቱ ላይ የባለቤታቸው ካውያ ጠባሳ ዛሬም አለ።

የያኔው የኦርኬስትራ አለቃ ወረቀቱን አዩና፣ “ሳራባንዱን ብቻ ስጠኝ። ለሐዘንም ለክብር በዓልም ይሆናል፤ ሌላውን ማን ይሰማዋል?” አሏቸው። እሳቸውም “እጄን ቆርጬ ሰላም በልልኝ ብዬ አልክም” ብለው ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ሥራው አሥራ አንድ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከረመ። ዘመድ ወዳጅ “አንተ ሰው፣ ምናለ አንዷን ብትለቅላቸው?” ቢላቸው፣ ወይ ፍንክች። እህታቸውም ከለማኞቹ አንዷ ነበረች፤ ለዚያ ዛሬ እዚሁ ፊታችሁ ቆማ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች።

አለቃው ጡረታ ሲወጡ አዲሷ አለቃ መጡና አምስቱንም አስጠኑ። በመጀመሪያው ትርኢት ሳራባንዱ ሲያልቅ፣ ሰዉ ሁሉም ያበቃ መስሎት አጨብጭቦ ብድግ አለ። እሳቸው ከመጨረሻው ረድፍ ቫዮሊናቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ተነሡና፣ “ተቀመጡ፤ ገና ሁለት ይቀራል” አሉ። አዳራሹ ሙሉ ቁጭ አለ። በር ላይ የነበሩት ኮት ጠባቂ ሳይቀሩ የሰው ኮት እንደታቀፉ መሬት ተቀመጡ። ቅጽል ስሙም ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪማቸው ተኙ ሲሏቸው እየተቀመጡ፣ ዝም በሉ ሲሏቸው እያንጎራጎሩ ቆዩና፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ። አስቀድመውም “በቀብሬ ሳራባንዱን ብቻ ብትጫወቱ፣ ተነሥቼ ነው የምሄደው” ብለው ነበር። ትናንት የቀብር አስፈጻሚው “ሰዓት የለም፤ ቀስ ያለው ይበቃል” ቢሉ፣ ባለቤታቸው “እሱ ዕድሜ ልኩን እምቢ ያለውን እኔ ዛሬ እሺ አልልም” አሉ። ስለዚህ ሰዓቱን እናስረዝማለን እንጂ ዳንሱን አናሳጥርም።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደኅና ቦታ ያስቀምጥልን።

አሁን የሥራ ባልደረቦቻቸው ሊጫወቱ ነው። ቀስ ያለው ሲያልቅ እንባችሁን ጥረጉ እንጂ፣ እባካችሁ፣ እንዳትነሡ። ገና ሁለት እንደሚቀር አስታውሱላቸው።