የግራ እጅ ጉርሻ

ኅዳር 28፣ መርሳ። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ። ከሠዓሊዋ ከሶስና ጋር፣ ሁለታችን ብቻ።

ቤቴ ውስጥ ስንሠራ ዋልን። እኔ ለሕትመት ጎማዬን ስቀርጽ፣ እሷ ሸራዋን ስትቀባ። የሷ ሥዕል ይሸጣል... ሁሌም ይሸጣል። ዛሬም አንድ ሹፌር ከውርጌሳ ድረስ መጥቶ አንዱን ገዝቶ ወሰደ። የኔን ሕትመት አገላብጦ አየና «ይሄ ደግሞ የምን ማህተም ነው?» አለ። ሶስና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 2

«እትዬ ባይነሽ፣ ሕትመት አስተምሪኝ።»
«ሥዕሉ አልበቃ አለሽ?»
«ውይ፣ ቀናሽ እንዴ!» ትከሻዬን መታ አደረገችኝ።

አስተማርኳት። ከአሮጌ የመኪና ምንጣፍ ጎማ ቆርጬ ሰጠኋት። መቅረጫዬንም። እኔ ይህን ሥራ የለመድኩት ወልድያ፣ ማህተም ቀራጩ ደጃፍ ቆሜ፣ በዓይኔ እየሰረቅሁ ነው። ስንት ዓመት ፈጀብኝ! እሷ ባንድ ከሰዓት ያዘችው። እንዲህ ያለ እጅ ለኔ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት?

ታኅሣሥ 6

ዮናስ ደወለ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው። የዛሬ ሳምንት እሁድ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ይከፍታሉ። መግቢያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ሕትመት መስቀል ፈልገዋል። «ሶስና ሕትመት ጀመረች አሉ፣ የሷን ብለናል። የእርስዎንም ይላኩልን፣ ቦታ ከተረፈ ጥግ ላይ እንሰቅለዋለን።»

ቦታ ከተረፈ። ጥግ ላይ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ። ነፋስ።

ሶስና ቤቷ ጠራችኝ። ቀርጻ ጨርሳለች። እናት ልጇን ስታጎርስ። የልጁ አፍ፣ የእናትየው ጣቶች... ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ከዚያ አየሁት። ጎማው ላይ የምታጎርሰው በቀኝ እጇ ነው። ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል። እናት ልጇን በግራ እጇ ልታጎርስ! ሰው ምን ይላል? ሸራ ላይ የለመደች ናት፣ እንደሚታየው ቀረጸችው። ገልብጠሽ ቅረጪ ብያት የለም እንዴ? ብያታለሁ... መሰለኝ።

«እስቲ እይልኝ እትዬ፣ ካንቺ ዓይን የሚያመልጥ የለም። ስህተት አለው?»
«ቆንጆ ነው» አልኳት።

ውሸት አይደለም። ቆንጆ ነው።

ነገ ቀትር ላይ የዮናስ መኪና መጥቶ የሷንም የኔንም ሕትመት ይወስዳል። በማለዳ ብነግራትም እጇ ፈጣን ነው፣ ሌላ ቀርጻ ትደርሳለች። ከታተመ በኋላ ግን አይሆንም። በማለዳ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 12

ጎህ ሲቀድ ሄድኩ። በሯ ክፍት ነው። የቀለም መቀቢያ ሮለሩን ይዛለች፣ ቀለሙ ጎማውን ገና አልነካውም።
«እንኳን መጣሽልኝ! ነይ፣ ወረቀቱን ያዥልኝ» አለች።

ከዚህ ወዲያ ያለውን አልጽፍም።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ፣ ወልድያ

መግቢያው ፊት ለፊት የተሰቀለው የኔ ነው። የሷን አዘጋጆቹ ሲያዩት ሳቁ አሉ፣ «በግራዋ የምታጎርስ የየት አገር እናት ናት?» ብለው። መልሰው ጠቅልለውታል።

ዮናስ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እስከ ዛሬ የት ተደብቀው ነው?» ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል... ጆሮዬ ገባ እንጂ ወደ ታች አልወረደም።

ሶስና ከኋላዬ ቆማ ነበር። አልጮኸችም።
«ዓርብ ዕለት አይተሽው ነበር» አለች።
መጠየቋ አልነበረም። እትዬም አላለችኝ።

ታኅሣሥ 24

ሶስና መጣች። አትመጣም ብዬ ነበር። ሰላም ብላኝ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ አዲስ ጎማ ስትቀርጽ ዋለች። ስትጨርስ ከቦርሳዋ የእጅ መስታወት አወጣች። ሥራዋን በመስታወቱ አየችው። ዞር አድርጋ እንደገና አየችው።

አጠገቧ ነበርኩ። እይልኝ አላለችኝም።