ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሁለት

ጥር 6
ከባድ በደል ደርሶብኛል። ወንበሬን ወስደው ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል አስቀመጡልኝ። አቤት ልበል ወይስ ዘይት ልቀባው?
ሌላ ወሬ... ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሰጠው የአረብኛ መሰናዶ ትምህርት በተማሪዎቹ ሊገመገም ነው። አሥራ አንድ ጥያቄ፣ ሃያ ስድስት ተማሪ። ቅጽ አባዡም ቆጣሪውም እኔ።

ጥር 8
የእህቴ ልጅ ለምሳ መጣች። እሷም መሰናዶው ውስጥ ናት።
«ዶክተር፣ ንባቡ እንዴት ነው?»
«ጋሼ፣ አትቀልድ!»
አንድ ገጽ አወጣች። የድሮ ነጋዴዎች የአረብኛ የእጅ ጽሑፍ፤ ጥናቷ በእሱ ላይ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ተሰናከለች። እኔ ድሮ ወደብ ስሠራ ከጭነት ወረቀት ፊደል የለቀምኩት አልፌያት ሄድኩ። አራት ወር ሙሉ ሰላምታ ነው ያስጠኗቸው። እስከ ሰኔ ካላነበበች አማካሪዋ ጥናቷን አይቀበላትም።
«ቅጹ ላይ ጻፊዋ!»
«መምህሩ ራሱ ነው የሚሰበስበው። ውጤታችን ደግሞ እጁ ላይ ነው።»

ጥር 9
ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። 12፦ «በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚሰጠውን የአረብኛ ትምህርት እንዴት ያዩታል?»
ግቢው እንኳን ገንዳ፣ ቧንቧውም ውሃ የለው።

ጥር 13
ሃያ ስድስቱም ገንዳውን «በጣም ጥሩ» ብለውታል። በሳቅ ፈረስኩ።
ማታ ደወልኩላት። «ዋና እንዴት ነው?»
«አንተ ነህ እንዴ! መልሳችንን ማን ያነበዋል ጋሼ... ከላይ እስከ ታች ምልክት ማድረግ ነው።»
ሳቁ ጠፋብኝ።

ጥር 14
የክፍሉ ኃላፊ ጠራችኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»
«ገንዳ ነው፣ እመቤቴ።»
አልሳቀችም። ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ግምገማው ተሰረዘ። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ፣ መምህሩ በሌለበት ይደገማል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ... ፊርማዬን አሳምሬ ፈረምኩ።

ጥር 24
ተደገመ። ሃያ አንዱ «ማንበብ አልተማርንም» ብለዋል። አንዷ የወረቀቱን ጀርባም ሞልታዋለች፤ የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ። ከየካቲት ጀምሮ የድሮ ሰነድ ንባብ ትምህርቱ ውስጥ ይገባል። መምህሩ ግን እንዲህ ያለ የድሮ ጽሑፍ አስተምሮ አያውቅም አሉ። ታዲያ ምን ሊሆን ነው?

ጥር 27
የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ናት። ዘጠነኛው መስመር ደረሰች። «አትንገረኝ፣ ራሴ ላውጣው!»
በር ተንኳኳ። ከፈተችና ወደ ኋላ አለች። መምህሩ ነው።
«ገንዳው የእርስዎ ሥራ ነው አሉኝ።»
«ነው።»
«የነጋዴዎቹን ጽሑፍም ያነባሉ አሉ።»
«እየተደናቀፍኩ።»
ከብብቱ አዲስ ደብተር አወጣ። አልተቀመጠም። «ከየት ነው የሚጀመረው?»
የእህቴ ልጅ ቀደመችኝ። ገጹን ወደ እሱ አዞረችለት።
«ከላይ ነው፣ መምህር። ቀስ ብለው።»